የስኳር ሕመም መገልገያዎችን በብሪታንያ ያለ ቫት ለመግዛት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በብሪታንያ የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳር መለኪያ፣ ስትሪፕ (ደም የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ)፣ ሴንሰር (ሰውነት ላይ ተለጥፎ ስኳርን የሚከታተል መሣሪያ) ወይም የኢንሱሊን ፓምፕ ዕቃ ከኪሱ አውጥቶ ሲገዛ፣ በዋጋው ላይ የሚጨመረውን 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ ቫት የምንለውን፣ የመክፈል ግዴታ የለበትም። የመብቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ 8ኛ ሠንጠረዥ ምድብ 12 ሲሆን፣ ዝርዝሩን የያዘው ደግሞ የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ኤች ኤም አር ሲ፣ በቁጥር 701/7 ያወጣው መመሪያ ነው። ብዙ ሰው ግን ሳይጠቀምበት ይቀራል። ታክስ የሚመለሰው ከታክስ መሥሪያ ቤት ነው ብሎ ስለሚያስብ ዓመቱን ሙሉ ደረሰኝ ሰብስቦ፣ ወደ ኤች ኤም አር ሲ የሚላከውን ቅጽ ሲያፈላልግ ይከርማል። እንዲህ ያለ ቅጽ የለም። እፎይታው የሚጠየቀው ከሻጩ ነው፤ የሚጠየቅበትም ጊዜ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሣ ነው።

ከገቢ ግብር ጋርም አያምታቱት። በብሪታንያ ግለሰብ ለሕክምና ያወጣውን ወጪ ከገቢ ግብሩ ላይ የሚያስቀንስበት አሠራር የለም፤ ስለዚህ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ የሚሞሉ የታክሲ ሾፌሮችና የግል ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የስትሪፕ ደረሰኝ ለሒሳብ ባለሙያቸው ቢሰጡ የሚያገኙት ነገር አይኖርም። የሒሳብ ሥራ የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ “ከታክስ ነፃ” እና “በዜሮ ምጣኔ ታክስ የሚከፈልበት” የተለያዩ መሆናቸውን ያስታውሳል፤ እዚህ ያለው በሕጉ አነጋገር ሁለተኛው ነው። ሻጮች ግን “ከቫት ነፃ” ወይም “የቫት እፎይታ” እያሉ ስለሚጽፉት፣ ከእነዚህ ቃላት የትኛውንም ሲያዩ የሚፈልጉት እሱ መሆኑን ይወቁ።

በቅድሚያ በነፃ የሚገኘውን ይለዩ

ቫት ስለመቀነስ ከማሰብዎ በፊት ዕቃውን ጭራሽ መግዛት የማያስፈልግዎ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። በሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ የሚወሰድ ነገር ቫት የለበትም፤ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የማዘዣ ክፍያ የሚባለውም ቀርቷል። በእንግሊዝ የሚኖር ሰው የስኳር ሕመሙን በኢንሱሊን ወይም በክኒን የሚቆጣጠር ከሆነ፣ ኤፍ ፒ 92 ኤ የተባለውን ቅጽ ከጂፒው፣ ማለትም ከቤተሰብ ሐኪሙ፣ ክሊኒክ ጠይቆ አስፈርሞ በመላክ፣ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል የክፍያ ነፃነት ማረጋገጫ ያገኛል። ማረጋገጫው ለስኳር መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ለሚታዘዝለት መድኃኒት ሁሉ ይሠራል። ሕመሙን በአመጋገብ ብቻ የሚቆጣጠር ሰው ግን ይህን ማረጋገጫ አያገኝም።

ሴንሰርን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የጤና አገልግሎቱ መመሪያ አውጪ የሆነው ናይስ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች በሙሉ የማያቋርጥ የስኳር መከታተያ እንዲቀርብላቸው መክሯል። ዓይነት 1 ኖሮብዎ ሴንሰር በራስዎ ገንዘብ እየገዙ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብዎን ትተው በመጀመሪያ የስኳር ክሊኒክዎን ያነጋግሩ። ኢንሱሊን እየወሰደ መኪና የሚነዳ ሰውም፣ ከመንዳቱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥና በረጅም ጉዞ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ስኳሩን መለካት ግዴታው ስለሆነ፣ የሚታዘዝለት የስትሪፕ ብዛት ይህን የሚበቃ እንዲሆን ለጂፒው በግልጽ ሊነግረው ይገባል።

ታዲያ እየገዛ ያለው ማን ነው? በአብዛኛው ዓይነት 2 ያለባቸውና ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን ብቻ የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። የናይስ መመሪያ ለእነዚህ ሰዎች የቤት ውስጥ ምርመራ እንደ መደበኛ ነገር እንዲሰጥ ስለማያዝ፣ ጂፒው ስትሪፕ አያዝላቸውም፤ እነሱ ግን እንጀራ ሲበሉና ሳይበሉ ስኳራቸው ስንት እንደሚደርስ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ በእኔ እምነትም ቢያውቁ ይጠቀማሉ። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ሰውየውም ዕቃውም መሥፈርቱን ያሟሉ

እፎይታው ሁለት ነገሮች በአንድነት እንዲሟሉ ይጠይቃል። አንደኛው የተጠቃሚው ማንነት ነው። መመሪያ 701/7 መብቱን የሚሰጠው የአካል ጉዳት ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ሲሆን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ምን እንደሆነ ሲያስረዳ በምሳሌነት የሚጠራው የስኳር ሕመምን ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ክርክር የለም። አካል ጉዳተኛ ተብሎ መመዝገብ አያስፈልግም፤ የሐኪም ደብዳቤ ማቅረብም በሕግ አይጠየቅም። ብዙ ወገኖቻችን “አካል ጉዳተኛ” የሚለውን ቃል ቅጹ ላይ ሲያዩ “ይኼ እኔን አይመለከትም፣ ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምፈርመው” ብለው ወደ ኋላ ይላሉ። ቅጹ የሚለው “አካል ጉዳተኛ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት” ነው፤ የእርስዎ ሁለተኛው ነው፤ መፈረሙም በመንጃ ፈቃድዎም ሆነ በሥራዎ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። በአንጻሩ የስኳር ሕመም የሌለበት የቤተሰብ አባል ጤንነቱን ለማወቅ ብሎ የሚገዛው መለኪያ እፎይታው አይመለከተውም።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የዕቃው ጉዳይ ነው። ዕቃው ከመነሻው ለሕመምተኞች መገልገያ ብቻ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። የሚመዘነው እርስዎ ለምን እንደሚፈልጉት ሳይሆን ሠሪው ለማን ብሎ እንደሠራው ነው። የደም ስኳር መለኪያ፣ የእሱ ስትሪፕ፣ ጣት የሚወጋበት ላንሴት፣ የፓምፕ ቱቦና ማጠራቀሚያ፣ ለስኳር ሕመምተኞች የተሠራ ሴንሰር፣ ኢንሱሊን ቀዝቅዞ እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ ቦርሳ በዚህ መንገድ የሚሸጡ ናቸው። ለእነዚህ ዕቃዎች ብቻ የሚሆኑ መለዋወጫዎችም፣ የጥገና ሥራውም እንደ ዋናው ዕቃ ይታያሉ። በአንጻሩ ኢንሱሊን የሚያስቀምጡበት ተራ ፍሪጅ፣ በየትኛውም ሱቅ የሚሸጥ ባትሪ፣ ሴንሰሩን የሚያነብልዎ ስልክ፣ ለእግርዎ ድርቀት የሚገዙት ቅባት፣ የራስ ምታት ክኒንና ቫይታሚን ማንም ሰው የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ሙሉ ቫት ይከፈልባቸዋል፤ ሐኪምዎ በቃል የመከርዎ መሆኑም ይህን አይለውጠውም።

አሁን አሁን በዚህ ድንበር ላይ የሚቆም ዕቃ መጥቷል። ለስፖርተኞችና ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች ተብለው የሚሸጡ ሴንሰሮች አሉ። ክንድ ላይ ሲለጠፉ ለስኳር ሕመምተኛ ከተሠሩት ጋር ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የተሠሩት ለጤነኛ ሰው ከሆነ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቢገዛቸውም “ለሕመምተኞች ብቻ” የሚለውን አያሟሉም። ከመግዛትዎ በፊት የዕቃው መግለጫ ለማን እንደተሠራ ምን እንደሚል ያንብቡ።

ማረጋገጫውን ይሙሉ

ሻጩ ቫቱን የሚተወው እርስዎ በጽሑፍ በሰጡት የማረጋገጫ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። ወረቀቱ በሻጩ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ሻጩ “ለምን ቫት አልሰበሰብክም” ሲባል የሚያሳየው እሱን ነው። ሻጮች ያለ ፊርማ በቃል ብቻ የማይስማሙት ለዚህ ነው፤ ክፋት አድርገው አይውሰዱት።

ኦንላይን ሲገዙ ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ሥር ወይም ክፍያ ከሚፈጸምበት ገጽ በፊት በምልክት ማድረጊያ ሣጥን መልክ ይገኛል፤ ሲነኩት ይከፈትና የሚሞሉ መስመሮች ይመጣሉ። በሱቅ ውስጥ ከሆነ ከባንኮኒው ሥር የሚወጣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫው ከትእዛዙ ወይም ከደረሰኙ ተለይቶ የሚታይ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ዕቃ ለማዘዝ የፈረመ ሰው ሳያውቀው የሕመም ማረጋገጫ እንዳይፈርም ማለት ነው። በየትኛውም መልክ ቢቀርብ የሚለው ነገር በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦ “እኔ በዚህ ምክንያት ሥር የሰደደ ሕመም ያለብኝ መሆኔን፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱትንም ዕቃዎች ለግል ወይም ለቤት ውስጥ መጠቀሚያዬ የምቀበል መሆኔን አረጋግጣለሁ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ እፎይታ እንዲደረግልኝም እጠይቃለሁ።”

“በዚህ ምክንያት” ከሚለው ቀጥሎ ያለው ባዶ መስመር ላይ ነው ሰው የሚሰናከለው። እኛ በአማርኛ “ስኳር አለብኝ” እንደምንለው በእንግሊዝኛም “ሹገር” ብለው የሚጽፉ አሉ፤ “የጤና ችግር” ወይም “ሕመምተኛ” ብለው የሚያልፉም አሉ። ሁለቱም ተመላሽ ይሆናሉ፤ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ሕመሙ በስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ ነው። “ታይፕ ዋን ዳያቢተስ” ወይም “ታይፕ ቱ ዳያቢተስ” ብለው በሙሉ ይጻፉ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የስኳርዎን መጠን፣ የጤና አገልግሎት ቁጥርዎን መጻፍ አይጠበቅብዎትም። ስለ ጤናዎ ለነጋዴ የሚሰጡት መረጃ በዛ ማለት የሚጠበቅልዎ ነገር ጨመረ ማለት አይደለምና ከተጠየቁት አይለፉ። የሻጩን ስም፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ቀኑንና ፊርማዎን አሟልተው አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ፤ ኦንላይን ከሆነ የስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

“ለግል ወይም ለቤት ውስጥ መጠቀሚያ” የሚለውንም ልብ ይበሉ። ለድርጅት፣ ለማኅበር ወይም ማንም መጥቶ እንዲለካበት ተብሎ የሚቀመጥ መለኪያ በዚህ ማረጋገጫ አይገዛም። ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ወይም በመጦሪያ ቤት ለሚኖር ሰው የእንክብካቤው አካል ሆኖ የሚቀርብ ዕቃም እንደ ግል መጠቀሚያ አይቆጠርም።

ለልጅ፣ ለወላጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ ሲገዙ

እፎይታው የሚከተለው ዕቃውን የሚጠቀመውን ሰው ነው። ሕመምተኛው ልጅ ከሆነ ወይም ራሱ መፈረም የማይችል ከሆነ፣ ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም ተንከባካቢ በእሱ ፋንታ ይፈርማል። በዚህ ጊዜ በስም መስመሩ ላይ የሚገባው የሕመምተኛው ስም ነው፤ የእርስዎ ስም የሚገባው በፈራሚው ቦታ ላይ፣ ከዝምድናዎ ጋር ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የስም አጠራር የሚፈጥረው አንድ ችግር አለ። እናት በአባቷ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠሩ በቅጹ ላይ ያለው የቤተሰብ ስም ከባንክ ካርዱ ስም ጋር አይገጥምም፤ ባልና ሚስትም እንደዚሁ። በዚህ አገር ያለ ሻጭ የእናትና የልጅ የቤተሰብ ስም አንድ ይሆናል ብሎ ስለሚጠብቅ፣ ትእዛዙን አቁሞ ማብራሪያ ሊጠይቅ ይችላል። በማስታወሻ መጻፊያው ቦታ ላይ “ዕቃው የልጄ ነው፤ የከፈልኩት እኔ እናቱ ነኝ” የሚል አንድ መስመር ቀድሞ ማስገባት የሁለት ሳምንት የኢሜይል ምልልስ ያስቀራል።

ስትሪፕ ገዝቶ አገር ቤት ላሉ ወላጆች መላክ በመካከላችን የተለመደ ነው። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ራስዎ የስኳር ሕመም ስላለብዎ ብቻ በራስዎ ስም “ለግል መጠቀሚያዬ” ብለው ፈርመው የገዙትን ለእናትዎ መላክ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ነው፤ ሐሰተኛ ማረጋገጫ ደግሞ ቅጣት ያስከትላል፤ ቅጣቱም የሚመጣው በፈረመው ሰው ላይ ነው። ለሚላከው ዕቃ ቫቱን ከፍለው፣ ለራስዎ የሚያስቀሩትን በማረጋገጫው ይግዙ።

ዋጋውንና ደረሰኙን ይመርምሩ

ቫት ሲነሣ ዋጋው በስንት መቀነስ እንዳለበት አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። በመደርደሪያ ላይ 60 ፓውንድ የተጻፈበት ዕቃ ቫት ሲነሣለት 48 አይሆንም። 60ው ቀድሞ 20 በመቶ የተጨመረበት ስለሆነ በውስጡ ያለው ቫት ከስድስት አንድ እጅ፣ ማለትም 10 ፓውንድ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ 50 ይሆናል። ጠቅላላውን ለስድስት ማካፈል ለማስታወስ ቀላሉ መንገድ ነው። አንድ ሴንሰር 14 ቀን የሚያገለግል ከሆነ በዓመት 26 ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ 10 ፓውንድ ሲቀር በዓመት 260 ፓውንድ ይሆናል።

አንዳንድ ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት ቫት የሌለበትን ዋጋ ነው፤ በትንሹ ከሥሩ ያለውን ቫት ያለበትን ዋጋ ያላየ ሰው፣ ማረጋገጫውን ሳይሞላ ወደ ክፍያ ሲሄድ ሒሳቡ ከፍ ይልበታል። ክፍያውን ከማጽደቅዎ በፊት በመጨረሻው ገጽ ላይ ከቫት ትይዩ ያለው ቁጥር ዜሮ መሆኑን ይመልከቱ። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ከገጹ ይመለሱ እንጂ “በኋላ ያስተካክሉታል” ብለው አይክፈሉ። ማድረሻውን ራሱ ሻጩ በሽያጩ ውስጥ አካትቶ የሚያስከፍል ከሆነ እሱም የዕቃውን ምጣኔ ስለሚከተል ቫት አይታሰብበትም። በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ስትሪፕና ባትሪ አንድ ላይ ከገዙ ግን በባትሪው ላይ የሚታየው ቫት ትክክለኛ ነው።

ሁሉም ሻጭ ይህን አሠራር አይቀበልም። በትልልቅ የኦንላይን ገበያዎች ላይ ዕቃ የሚያቀርቡ ትንንሽ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ማረጋገጫ የሚሞላበት ቦታ የላቸውም። ዓመታዊ ሽያጩ 90,000 ፓውንድ ያልደረሰ ነጋዴ ለቫት መመዝገብ ግዴታው ስላልሆነ፣ ካልተመዘገበ ቫት አያስከፍልም፤ ስለዚህ የሚያነሣልዎ ነገርም የለውም። ደረሰኙ ላይ ከዘጠኝ አኃዝ ጋር የተጻፈ የቫት ቁጥር መኖሩን በማየት ይህን መለየት ይቻላል። ዋጋ ሲያወዳድሩም የአንዱን ቫት ያለበትን ዋጋ ከሌላው ቫት ከሌለበት ጋር እንዳያነጻጽሩ ይጠንቀቁ።

ከውጭ አገር ማስመጣትም ይቻላል፤ እፎይታው በሚገባ ዕቃ ላይም ይሠራል። እስከ 135 ፓውንድ ለሚያወጣ ጭነት ቫቱን የሚሰበስበው ሻጩ ስለሆነ ማረጋገጫውን ለእሱ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ዕቃውን ከጉምሩክ ለሚያወጣው አስረካቢ አስቀድሞ መስጠት ያስፈልጋል። ድካሙ ከጥቅሙ ስለሚበልጥ እኔ አልመክረውም።

ቫቱ ከተከፈለ በኋላ

ሳያውቁ ከፍለው ከሆነ ገንዘቡን የሚመልሰው ሻጩ ነው፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ለገዢ በቀጥታ አይመልስም። ሻጩ ያለፈ ስሕተቱን በራሱ የቫት ሒሳብ ላይ ማረም የሚችለው እስከ አራት ዓመት ድረስ ነው፤ ከዚያ የቆየ ደረሰኝ ይዞ መድከም ዋጋ የለውም።

እኔ ራሴ መለኪያና ስትሪፕ ከአንድ ሱቅ ለሁለት ዓመት ያህል ቫት እየከፈልኩ ገዝቻለሁ። መብቱን ካወቅሁ በኋላ ባንኮኒው ላይ ለነበረችው ልጅ ስነግራት “እንዲህ ያለ ነገር የለም” አለችኝ፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ማንም አልነገራትም ነበር። ከእሷ ጋር ከመከራከር ይልቅ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት የደንበኞች ክፍል ጻፍሁ። ደብዳቤው አጭር ነበር፦ የግዢዎቹን ቀንና የደረሰኝ ቁጥር ዘረዘርሁ፤ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለብኝና ዕቃዎቹን ለግሌ እንደተጠቀምሁባቸው ገለጽሁ፤ ምድብ 12ን እና መመሪያ 701/7ን በቁጥራቸው ጠቀስሁ፤ የተፈረመ ማረጋገጫ አባሪ አደረግሁ፤ የተከፈለውን ቫት ድምርም በፓውንድና በፔንስ አስቀመጥሁ። ገንዘቡ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ካርዴ ተመለሰ። ሁለት ደረሰኞች ግን ጠፍተውብኝ ስለነበር የእነሱ ቀረ፤ የባንክ መግለጫ አቀረብሁ፣ ነገር ግን የተከፈለውን ድምር እንጂ የተገዛውን ዕቃ ስለማያሳይ አልተቀበሉትም።

ሻጩ አልመልስም ካለ ማስገደጃው መንገድ ረጅም ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ግዢ ማረጋገጫ የሚቀበል ሌላ ሻጭ መፈለጉ ይሻላል። በኦንላይን መዝገብዎ ላይ ማረጋገጫዎን የሚያስቀምጡ ሻጮች በየጊዜው እንዲሞሉ አያደርጉም፤ አድራሻ ሲቀይሩ፣ አዲስ መዝገብ ሲከፍቱ ወይም ሻጩ ድረ ገጹን ሲያድስ ግን የተቀመጠው ሊጠፋ ስለሚችል፣ በእነዚህ ጊዜያት የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲያደርጉ የቫቱን መስመር ደግመው ይመልከቱ።